የውጭ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ይወረስ? ክርክሩን በውልና በቁጥር መመዘን

የውጭ ኩባንያ የያዘው የነዳጅ ዘይት ሥራ ወደ መንግሥት ይዙር የሚል ሐሳብ ሲነሳ አንዱ ወገን ስለ አገር ክብር፣ ሌላው ስለ ባለሀብት መሸሽ ይናገራል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አይገናኙም። ክርክሩ መልስ የሚያገኘው ወደ ውል፣ ወደ በርሜልና ወደ መርከብ ሲወርድ ነው። ይህ አካሄድ የተዘጋጀው ለክርክር መድረክ ለሚሰናዳ፣ ረቂቅ ሕግ ለሚመረምር ወይም ዜናውን ለሕዝብ ለሚተነትን ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚወረሰውን ነገር ለዩ

"ዘይቱ የማን ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። በአብዛኛው አገር ከመሬት በታች ያለው ዘይት ቀድሞውኑ የመንግሥት ወይም የሕዝብ ነው። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት በ1917 አንቀጽ 27 ላይ የከርሰ ምድሩን ሀብት ለአገሪቱ ሰጥቷል፤ ኩባንያዎቹ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ እየቀዱ ሸጠዋል። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ባለቤትነቱ ብቻውን ግን "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እንደሚባለው ነው። ወተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ አምስት ነገሮችን ለየብቻ ጻፉ፦ የማውጣት መብቱ (ኮንሴሽኑ ወይም ውሉ)፣ ዕቃው (ጉድጓድ፣ ቧንቧ፣ ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያ)፣ ኩባንያው ይዞት ያልቆፈረው መሬት፣ የከርሰ ምድር መረጃው፣ እና ሽያጩ። ከዚያ ረቂቁ ከአምስቱ የትኛውን እንደሚወስድ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ተከራካሪዎች ዕቃው ላይ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ትልቁ ዋጋ ግን ያለው በማውጣት መብቱና በሽያጩ ውስጥ ነው።

ኢራቅ ይህን መለየት ምን እንደሚያስገኝ አሳይታለች። በ1961 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 80 የሚያመርቱ ጉድጓዶችን አልነካም፤ በውጭ ኩባንያዎች የተያዘው የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያና እህት ኩባንያዎቹ ከያዙት መሬት ገና ያላለሙትን፣ 99.5 በመቶውን ብቻ መለሰ። ሰሜን ሩሜይላ የተባለው የዘይት መስክ በዚያ ውስጥ ነበረ። መንግሥት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አልምቶት በሚያዝያ 1972 ማምረት ጀመረ፤ ኩባንያውን የወረሰው ከዚያ በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1972 ነው። ገንዘብ የሚያስገባ የራሱ ጉድጓድ በእጁ ካለ በኋላ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

መረጃውን ደግሞ ማንም አይጠቅሰውም። የሴይስሚክ ጥናቱ (በንዝረት ሞገድ የተነሳው የከርሰ ምድር ካርታ)፣ የእያንዳንዱ ጉድጓድ መዝገብ፣ ከጉድጓድ የወጣው የድንጋይ ናሙና፣ የማጠራቀሚያ ድንጋዩን ግፊት የሚያሳየው የዓመታት ልኬት ከሌለ አዲሱ አስተዳደር ቀጣዩን ጉድጓድ የት እንደሚቆፍር፣ ግፊቱን ለመጠበቅ ውኃ ወይም ጋዝ የት እንደሚረግጥ አያውቅም። ረቂቁ ውስጥ "ሙሉ ቅጂው አገር ውስጥ ይገኛል ወይ?" ብላችሁ ፈልጉ። መልሱ "አይገኝም" ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ መውረስ አይደለም፤ ውሉ በሚፈቅደው መሠረት መረጃውን መጠየቅ ነው።

ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሱ

የሐሳቡን ደጋፊ "ምን ለማግኘት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ መልስ እስኪሰጥ አትልቀቁት። ተጨማሪ ገቢ፣ የምርትና የዋጋ ውሳኔ፣ የቴክኒክ ዕውቀት፣ ወይም ለሕግ የማይገዛን ኩባንያ ሥርዓት ማስያዝ የየራሳቸው መሣሪያ አላቸው።

የሜክሲኮው የመጨረሻው ዓይነት ነበር። ነገሩ የጀመረው በደመወዝ ክርክር ነው። የሥራ ክርክር ቦርዱ ኩባንያዎቹ ለሠራተኞቹ 26 ሚሊዮን ፔሶ እንዲጨምሩ ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1938 አጸናው፤ ኩባንያዎቹ አልፈጽምም አሉ። ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ መጋቢት 18 ቀን ወረሷቸው። ለፍርድ ቤት ውሳኔ አልታዘዝም ያለን ኩባንያ መውረስ በክርክር ላይ ለመከላከል ቀላል ነው፤ "ትርፉ አነሰን" ብሎ መውረስ ግን ቁጥር ይጠይቃል። የኢራን ቅሬታ ከሁለቱም ነበረው። የኢራንን ዘይት የያዘው የአንግሎ ኢራኒያን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ከ1914 ጀምሮ የብሪታንያ መንግሥት ነበር፤ በ1950 ኩባንያው ለለንደን የከፈለው ግብር ለቴህራን ከከፈለው ድርሻ ይበልጥ ነበር፤ ኢራን የሒሳብ መዝገቡን በራሷ ኦዲተር መመርመርም አትችልም ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጎረቤቷ ሳዑዲ ዓረቢያ ዘይቷን ከሚያወጣው የአሜሪካውያን ኩባንያ ከአራምኮ ጋር ትርፉን እኩል ለመካፈል ተስማማች። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ውል ለኢራን ሕዝብ ማስረዳት የሚችል ሰው አልነበረም።

ሒሳቡን ሥሩ

አሁን ባለው ውል መንግሥት ምን ያህል ያገኛል? ይህን ሳያሰሉ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ባዶ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መስክ በቀን 100,000 በርሜል ያመርታል እንበል፤ በዓመት 36.5 ሚሊዮን በርሜል ይሆናል። የሽያጭ ዋጋው በበርሜል 70 ዶላር፣ የማምረቻ ወጪው 12 ዶላር፣ የመሣሪያ እርጅና ተቀናሹ 8 ዶላር፣ ሮያሊቲው (ከጠቅላላ ሽያጩ ለመንግሥት የሚከፈለው) 12.5 በመቶ፣ የትርፍ ግብሩ 50 በመቶ ነው።

ጠቅላላ ሽያጭ፦ 2,555 ሚሊዮን ዶላር
ሮያሊቲ፦ 319 ሚሊዮን
የማምረቻ ወጪ፦ 438 ሚሊዮን
የእርጅና ተቀናሽ፦ 292 ሚሊዮን
ግብር የሚከፈልበት ትርፍ፦ 1,506 ሚሊዮን
ግብር፦ 753 ሚሊዮን
የመንግሥት ጠቅላላ ገቢ፦ 1,072 ሚሊዮን
የኩባንያው የተጣራ ትርፍ፦ 753 ሚሊዮን

ወጪ ከተነሳ በኋላ ከቀረው 1,825 ሚሊዮን ዶላር መንግሥት ቀድሞውኑ 59 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። መውረሱ ሊጨምርለት የሚችለው ጣሪያ በዓመት 753 ሚሊዮን ነው፤ "2.5 ቢሊዮን ዶላር እየተዘረፍን ነው" የሚል ተከራካሪ ሽያጭን ከትርፍ ጋር ቀላቅሏል። በሌላ በኩል ግብሩ ወደ 70 በመቶ ቢያድግ መንግሥት ምንም ሳይወርስ በዓመት 301 ሚሊዮን ይጨምራል፤ ድርሻውም ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስለ ገቢ መከራከር አይቻልም።

ቀጥላችሁ ምርት ምን ያህል ቢወርድ ጥቅሙ እንደሚጠፋ አስሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ወጪው ከምርቱ ጋር አብሮ የሚወርድ ይመስላቸዋል። የዘይት መስክ ወጪ አብዛኛው ቋሚ ነው፤ ፓምፑ፣ ጥበቃው፣ ደመወዙ፣ ጥገናው በግማሽ ምርትም ይቀጥላል። የእርጅና ተቀናሹም የወረቀት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ለአዲስ ጉድጓድና ለጥገና መመለስ ያለበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ድምር፣ 730 ሚሊዮኑን ቋሚ አድርጉ። መንግሥት የቀድሞውን 1,072 ሚሊዮን ለማግኘት 1,802 ሚሊዮን ሊሸጥ ይገባል፤ በ70 ዶላር 25.7 ሚሊዮን በርሜል ነው። ምርት በ30 በመቶ ገደማ ከወረደ ትርፍ የሚባል የለም ማለት ነው።

አሁን ካሳውን ጨምሩ። 3 ቢሊዮን ዶላር በ10 ዓመት፣ በ8 በመቶ ወለድ ቢከፈል በዓመት 447 ሚሊዮን ይሆናል። የሚፈለገው ሽያጭ ወደ 2,249 ሚሊዮን፣ ምርቱ ወደ 32.1 ሚሊዮን በርሜል ያድጋል። ያኔ የ12 በመቶ መቀነስ ብቻ ጥቅሙን ይበላዋል። ገዢው "ዕቃው ክስ አለበት" ብሎ 10 ዶላር ካስቀነሰ ደግሞ የሚያስፈልገው 37.5 ሚሊዮን በርሜል ነው፤ መስኩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራም አይሞላም። ካሳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ደጋፊው ወገን የመስኩ ቀሪ ዕድሜ 25 ዓመት መሆኑን ካሳየ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፣ ሊነፈገው አይገባም። የቀረው 8 ዓመት ከሆነ ግን የወረሰው መንግሥት የሚረከበው ያረጀ ቧንቧና ጉድጓዶችን የመድፈን ዕዳ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በምትመረምሩት መስክ ቁጥሮች ተኩ። የአካሄዱ ዋጋ በዋጋ መለዋወጥ ላይም ይታያል፤ 70ውን በ45 እና በ100 ደግማችሁ ሥሩት። የመውረስ ጥያቄ የሚጋለው ዋጋ ሲንር ነው፤ ካሳው የሚከፈለው ግን ዋጋ በወረደበት ዓመትም ነው።

ውሉን ከመጨረሻው ገጽ አንብቡ

ስለ ሮያሊቲና ስለ ምርት ክፍፍል የሚናገሩት የፊት ገጾች ይታወቃሉ። ክስ የሚያመጡት የኋላ ገጾች ናቸው። ፈልጉ፦ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፤ ሕግ ቢቀየር ኩባንያውን የሚጠብቅ የማረጋጊያ አንቀጽ አለ ወይ፤ ክርክሩ የሚዳኘው የት ነው፤ በየትኛው ሕግ ነው፤ ጉድጓድ የመድፈንና መሬት የማጽዳት ወጪ የማን ነው። የመጨረሻው ካልተነሳ መንግሥት ሀብቱን ብቻ ሳይሆን የኩባንያውንም ዕዳ ይወርሳል።

ውሉ የሚያበቃው በ5 ዓመት ውስጥ ከሆነ ክርክሩ ሊቀየር ይገባል፤ በነፃ የሚመለስን ነገር ለምን በካሳ እንገዛለን? የቬኔዝዌላ ኮንሴሽኖች አብዛኞቹ በ1983 ሊያበቁ ነበር፤ አገሪቱ በ1976 ስትወርስ ጉዳዩን ያፋጠነው ኩባንያዎቹ ማብቂያው ሲቃረብ ገንዘብ ማውጣት ማቆማቸው ነበር። ይህም ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ከውሉ ቀጥሎ ስምምነቶችን ፈትሹ። ኩባንያው የተመዘገበው የት ነው? ኤክሶን ሞቢል የቬኔዝዌላ ሥራውን ከመወረሱ በፊት በኔዘርላንድ በተቋቋመ ኩባንያ ሥር አደረገው፤ በሁለቱ አገሮች የኢንቨስትመንት ስምምነት በኩል ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት የገባውም በዚያ በር ነው። የአክሲዮን ኩባንያ ከሆነ ደግሞ መተዳደሪያ ደንቡን ሳታነቡ አትተኙ። አርጀንቲና በ2012 ዋይፒኤፍ የተባለውን የዘይት ኩባንያ 51 በመቶ ከስፔኑ ሬፕሶል ስትወስድ ከሬፕሶል ጋር በ2014 በ5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ተስማማች፤ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን የኩባንያው ደንብ አብላጫውን የያዘ ወገን ለሌሎቹም ባለድርሻዎች የግዢ ጥያቄ እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር። ያ ስላልተደረገ በ2023 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት 16.1 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ፤ አርጀንቲናም ይግባኝ አለች። ከዋናው ባለድርሻ ካሳ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ፍርድ ያመጣው በደንቡ ውስጥ የነበረ ግዴታ ነው።

ከእኛም ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አለ፤ የዘይት ባይሆንም። ደርግ በ1975 የግል ድርጅቶችን ሲወርስ አንድ የአሜሪካ ቅመም አምራች ኩባንያ እዚህ ባለው ድርጅት ውስጥ የነበረው አብላጫነት አብሮ ተወሰደ። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት "የአንድን መንግሥት ሉዓላዊ ተግባር አንዳኝም" ብሎ መዝገቡን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው በ1984 ከፈተው። ምክንያቱ ከ1953 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው የሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ስምምነት ለተወረሰ ንብረት ፍትሐዊ ካሳ እንዲከፈል መደንገጉ ነው። በንጉሡ ዘመን የተፈረመ ወረቀት አብዮቱን ተሻግሮ ደረሰ። በ1985 ኢትዮጵያ የአሜሪካውያንን የካሳ ጥያቄ በጥቅሉ በ7 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማች። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል፤ "በቅድሚያ" የሚለው ቃል ከላይ ያሰላነውን የ10 ዓመት ክፍያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ያስገባል።

ካሳው በየትኛው ዋጋ?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1962 ባሳለፈው ውሳኔ 1803 አገሮች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ቋሚ ሉዓላዊነት እንዳላቸውና ሲወርሱ "ተገቢ ካሳ" እንደሚከፍሉ ተቀበለ። የአሜሪካ አቋም በ1938 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል ለሜክሲኮ እንደጻፉት "ፈጣን፣ በቂና ውጤታማ" ካሳ የሚል ነው። በሁለቱ አባባሎች መካከል ቢሊዮኖች አሉ፤ ስለዚህ ወደ ቁጥር ውረዱ።

የመዝገብ ዋጋ የሚባለው ኩባንያው ካወጣው ላይ እርጅናው ተቀንሶ የቀረው ነው። በምሳሌያችን ላይ 1.2 ቢሊዮን ነው እንበል። የገበያ ዋጋ የሚባለው ደግሞ ወደፊት የሚገኘው ትርፍ ዛሬ የሚያወጣው ነው። በዓመት 753 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ቢገኝ፣ በ10 በመቶ መጣኔ (የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ በየዓመቱ የሚቀነስበት መቶኛ) ሲቀነስ 5.7 ቢሊዮን፣ በ15 በመቶ 4.4 ቢሊዮን፣ በ20 በመቶ 3.5 ቢሊዮን ይሆናል። ያው መስክ፣ ያው ዘይት፤ አንዲት መጣኔ ብቻ ስትቀየር የ2.2 ቢሊዮን ልዩነት። የግልግል ዳኝነት ባለሙያዎች ለዓመታት የሚከራከሩት በዚህች ቁጥር ላይ ነው። ማንም "ትክክለኛው ካሳ ይህ ነው" ሲላችሁ መጀመሪያ መጣኔውን ጠይቁ።

ታሪክ የሚያሳየው በድርድር የተፈጸሙት ወደ መዝገብ ዋጋ እንደሚቀርቡ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1973 የአራምኮን 25 በመቶ፣ በ1974 ወደ 60 በመቶ፣ በ1980 ሙሉውን የያዘችው በመዝገብ ዋጋ ላይ በተመሠረተ ክፍያ ነው። የሜክሲኮ ካሳ ለአሜሪካ ኩባንያዎች በ1942 ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር ተወስኗል፤ ኩባንያዎቹ ግን ከመሬት በታች ያለውንም ዘይት ቆጥረው እጅግ ብዙ ይጠይቁ ነበር። ለብሪታንያው ወገን በ1947 ከወለዱ ጋር 130 ሚሊዮን ተስማምተው ክፍያው በ1962 ተጠናቀቀ። ሳይስማሙ ወደ ዳኝነት የሄዱት ዋጋቸው ሌላ ነው፤ ኮኖኮ ፊሊፕስ በ2019 በቬኔዝዌላ ላይ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶለታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በሌላ የ2 ቢሊዮን ዶላር ውሳኔ ተደግፎ በካሪቢያን ደሴቶች ያሉትን የቬኔዝዌላ መንግሥት ኩባንያ ማጠራቀሚያዎች አስይዞ ነበር። ፍርዱ የሚፈጸመው በአገር ውስጥ ንብረት ላይ ሳይሆን በውጭ ባለ መርከብ፣ ማጠራቀሚያና የባንክ ሒሳብ ላይ ነው። አገሪቱ ውጭ ያላትን ሁሉ ዘርዝሩ።

ሰኞ ጠዋት

አዋጁ ዓርብ ማታ ታወጀ። ሰኞ ጠዋት ማን ቫልቩን ይከፍታል? ይህን ክፍል የማይመልስ ረቂቅ ገና ረቂቅም አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ነው። ቬኔዝዌላ በ1976 ብልህ ሥራ ሠርታለች፤ ኩባንያዎቹን አላፈረሰችም። ክሪዮል የተባለው ኩባንያ ላጎቨን፣ ሼል ደግሞ ማራቨን ተብለው ያው ሠራተኛ፣ ያው መሐንዲስ፣ ያው የሥራ ሥርዓት ቀጠለ፤ በላያቸው የመንግሥት የዘይት ኩባንያው ፔዴቬሳ ተቀመጠ፤ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጋርም የቴክኒክ እርዳታና የግዢ ውል ተፈረመ። ሥራው ለአንድ ቀን አልቆመም። በ2003 ከሠራተኞች አድማ በኋላ ግን ያው ኩባንያ ወደ 18,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን፣ ግማሽ ያህሉን አባረረ። የጉድጓዱን ጠባይ የሚያውቀው ሰው አብሮ ወጣ።

ሁለተኛው ግብዓት ነው። የቬኔዝዌላው የኦሪኖኮ ዘይት እንደ ቅጥራን ስለሆነ በቀጭን ነዳጅ ካልተበረዘ በቧንቧ አይሄድም፤ መበረዣው ከውጭ የሚመጣ ከሆነና ማዕቀብ ከዘጋው ጉድጓዱ ጤነኛ ሆኖ ምርት ይቆማል። ስለዚህ የዘይቱን ዓይነት እወቁ። ቀላልና ራሱ የሚፈስ ዘይት መውረስና ከባድ ዘይት መውረስ አንድ አይደሉም፤ በጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለውማ ሌላ ዓለም ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎች የወደቁበት ገዢና መርከብ ነው። የኢራን ፓርላማ በመጋቢት 1951 ወረሰ፤ ሞሐመድ ሞሳዴቅ በሚያዝያ መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሕጉን ሥራ ላይ አዋሉ። የብሪታንያ ቴክኒሻኖች በጥቅምት መጀመሪያ ትልቁ ማጣሪያ ያለበትን አባዳንን ለቀው ወጡ። ኢራናውያን ማጣሪያውን ለአገር ውስጥ ፍላጎት አስኪደውታል፤ ያቃታቸው መሸጥ ነው። ታንከሮቹ (ዘይት ጫኝ መርከቦቹ) በትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ፤ በ1952 የኢራንን ዘይት ጭኖ የወጣው ሮዝ ሜሪ የተባለው መርከብ ኤደን ላይ ተያዘ፤ ገዢዎች ፈሩ። በ1950 በቀን ከ600,000 በርሜል በላይ የነበረው ምርት በ1952 ወደ 20,000 ገደማ ወረደ። የሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሐምሌ 1952 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ነበር፤ በሕግ ያሸነፈች አገር በገበያ ተሸነፈች። በነሐሴ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። በ1954 የተቋቋመው የኩባንያዎች ጥምረት ሥራውን ያዘ፦ የቀድሞው ኩባንያ 40፣ አሜሪካውያኑ 40፣ ሼል 14፣ የፈረንሳዩ 6 በመቶ።

የኢራን ዘይት ሲጠፋ ዓለም ለምን አልጨለመችም? ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢራቅ ምርታቸውን ጨምረው ስለሞሉት ነው። ስለዚህ በየትኛውም ክርክር "በዚህ ሰዓት ዓለም ስንት ትርፍ የማምረት አቅም አላት?" ብላችሁ ጠይቁ። በ1951 ብዙ ነበር። በመጋቢት 1972 ግን የቴክሳስ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለጉድጓዶቹ መቶ በመቶ እንዲያመርቱ ፈቀደ፤ የአሜሪካ ትርፍ የማምረት አቅም አለቀ ማለት ነው። አልጄሪያ፣ ሊቢያ፣ ኢራቅና ኩዌት በ1971 እና 1975 መካከል የወረሱት ዘይት ገዢ ያላጣው ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ሊቢያ ደግሞ ከመውረስ በፊት ደካማውን ለይታ ጀመረች፤ በ1970 ከሊቢያ ሌላ በቂ ምንጭ ያልነበረውን የአሜሪካ ኩባንያ ኦክሲደንታልን ምርቱን አስቀነሰችበት፤ እጁን ሰጥቶ በበርሜል የ30 ሳንቲም ጭማሪና 58 በመቶ ግብር ተቀበለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አገሪቱ ወደብ ከሌላት ይህ ሁሉ ይባባሳል። ቻድ በመጋቢት 2023 የኤክሶንን የቀድሞ ንብረት ስትወርስ ዘይቷ ወደ ባሕር የሚደርሰው 1,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በካሜሩን ክሪቢ ወደብ ነው፤ በካሜሩን በኩል ያለው የቧንቧ ኩባንያ ሌላ ሕግና ሌላ ባለድርሻዎች አሉት። ደቡብ ሱዳን መስኮቹን ይዛ በ2012 መጀመሪያ ከሱዳን ጋር በማስተላለፊያ ክፍያ ስላልተስማማች ራሷ ምርቷን ዘጋች፤ ስምምነቱ የተፈረመው በመስከረም 2012 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ዘይቱ እንደገና የፈሰሰው በ2013 ነው። ጉድጓዱ የእናንተ፣ ቧንቧው የጎረቤት ከሆነ ከአዋጁ በፊት ጎረቤቱን አነጋግሩ።

በመካከል ያለው ሜዳ

ክርክሩ "ይወረስ/አይወረስ" ብቻ ከሆነ የተሻሉት አማራጮች ከጠረጴዛው ይወድቃሉ። ቦሊቪያ በግንቦት 1 ቀን 2006 ወታደሮችን ወደ ጋዝ መስኮቹ ልካ "ወረስኩ" አለች፤ በተግባር ግን ለ180 ቀን ከትልልቆቹ መስኮች ገቢ 82 በመቶውን እየወሰደች ኩባንያዎቹን አዲስ ውል እንዲፈርሙ አደረገች። ፈረሙ፤ አብዛኞቹም ቆዩ። ይህ የተሳካው ጋዙ በቧንቧ ወደ ብራዚልና አርጀንቲና ስለሚሄድ ገዢዎቹም የሚሸሹበት ስለሌላቸው ነው። ቬኔዝዌላ በ2007 ተመሳሳዩን ሞከረች፤ ቢያንስ 60 በመቶ ለፔዴቬሳ እንዲሆን ስትጠይቅ ሼቭሮን፣ ቶታል፣ ስታቶይልና ቢፒ ተቀበሉ፣ ኤክሶንና ኮኖኮ ወጥተው ከሰሱ።

ኖርዌይ ዕውቀት ፈለገች። በ1972 የመንግሥት ኩባንያዋን ስታቶይልን አቋቁማ በእያንዳንዱ አዲስ ፈቃድ ውስጥ 50 በመቶ ድርሻ ሰጠችው፤ የውጭ ኩባንያዎቹ ግን አልወጡም፤ ማስተማርም ግዴታቸው ሆነ። ፖሊሲውን ሚኒስቴሩ፣ ቁጥጥሩን ዳይሬክቶሬቱ፣ ንግዱን ኩባንያው እንዲይዙት ሦስቱን ለያየች። እኛ ለዚህ ክፍፍል ከባለቤትነቱ የበለጠ ክብደት እንሰጠዋለን። የመንግሥት ኩባንያ ራሱ ተቆጣጣሪ፣ ራሱ ነጋዴ፣ ራሱ የበጀት ካዝና ሲሆን የመጀመሪያው ተጎጂ የጥገና ገንዘብ ነው። ጥገናና አዲስ ጉድጓድ ከሌለ ማንኛውም መስክ ምርቱ በየዓመቱ በራሱ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያው ዓመት አይታይም፤ ስለዚህ ማንም አይጠየቅበትም። ረቂቁ ለኩባንያው የሚቀረውን ገንዘብ በሕግ ያስቀመጠ መሆኑን ፈትሹ።

መድረክ ላይ የሚነሱ ስህተቶች

"ኖርዌይ ወርሳ በለጸገች።" አልወረሰችም፤ ድርሻ ይዛ ነው የገባችው፤ ትርፉን በ78 በመቶ ግብር ትወስዳለች። "ሳዑዲ ዓረቢያ አራምኮን ነጠቀች።" ከፍላ በደረጃ ገዛችው። "ሞሳዴቅ የወደቁት ኢራናውያን ሥራውን ስላልቻሉት ነው።" ገዢና መርከብ ስለተዘጋባቸው ነው፤ ይህን ስህተት ዝም ብሎ ማለፍ ለአንድ ሕዝብ የሙያ ስም አለመቆም ነው።

"ሜክሲኮ ተሳክቶላታል፣ እኛም እንችላለን" የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። የአገር ውስጥ ገበያዋ ዘይቱን እየጠጣላት፣ ሠራተኛው ማኅበር መስኩን ይዞላት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ ዋሽንግተን ወዳጅነቷን ፈልጋ ነበር። እስከዚያው ግን ዘይቷን ለጀርመንና ለጣሊያን እስከመሸጥ ደርሳለች። ይህን የሚጠቅስ ሰው የአገሩ የነዳጅ ፍጆታ ከምርቱ ስንት በመቶ እንደሆነ አብሮ ይናገር።

ከሁሉ የሚደጋገመው "ቬኔዝዌላ የወደቀችው ስለወረሰች ነው" የሚለው ነው። የወረሰችው በ1976 ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቀን ከ3 ሚሊዮን በርሜል በላይ ታመርት ነበር። ከዚያ የመጣው የባለሙያ መባረር፣ የኢንቨስትመንት መድረቅና ከ2017 ጀምሮ የጠነከረው የአሜሪካ ማዕቀብ ናቸው። "ማዕቀቡ ብቻ ነው" የሚለውም ልክ አይደለም፤ ምርቱ መውረድ የጀመረው ከማዕቀቡ በፊት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ አገር ሲጠቀስ የምርቱን ግራፍ ከመውረሱ 10 ዓመት በፊትና 20 ዓመት በኋላ አውጡ፤ በላዩ ላይ የዓለም ዋጋን፣ የሠራተኛ ቁጥርንና የማዕቀብ ቀኖችን በየቀለማቸው አስምሩ፤ ከዚያ ተናጋሪው መስመሩ የወረደበትን ዓመት በጣቱ እንዲያሳይ ጠይቁት።